ፕሮግራመርን በሙያው የሚያቆየው ምንድን ነው? ስለ ዘላቂ የሥራ እርካታ የቀረበ ምልከታ

መግቢያ

በአገራችን ስለ ፕሮግራመርነት ሙያ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ መግቢያው ነው። የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ አስቀድሞ መማር እንደሚሻል፣ በስንት ወር ለሥራ መብቃት እንደሚቻል፣ ጀማሪ ምን ያህል ደመወዝ እንደሚያገኝ ዘወትር ይጠየቃል፤ መልስ የሚሰጥም አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም ይህንኑ የመግቢያ በር ያሰፋ ነው። በበሩ ያለፈውን ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ በሙያው ውስጥ የሚያቆየው ምን እንደሆነ ግን እምብዛም አይነሣም።

ጥያቄው ለእኔ የጥናት ርእስ ከመሆኑ በፊት የኑሮ ጉዳይ ነበር። ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመመለሴ በፊት ዐሥራ አንድ ዓመት በፕሮግራመርነት ሠርቻለሁ። አብረውኝ ተመርቀው በዚያው ዓመት ሥራ ከጀመሩት ስድስት የቅርብ ወዳጆቼ መካከል ዛሬ ኮድ የሚጽፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አራቱ ሙያውን የተዉት ችሎታ አንሷቸው ወይም ሥራ አጥተው አይደለም። ምክንያታቸውን ስጠይቅ የምሰማው መልስ ተቀራራቢ ነው፤ ሥራው ከጊዜ በኋላ ትርጉም አጥቶባቸዋል። ስድስት ሰዎች የጥናት ናሙና ሊሆኑ እንደማይችሉ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን የእነርሱ መልስ ጥያቄውን ይዤ ወደ ቀደሙት ጥናቶች እንድሄድ አድርጎኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ አጭር ነው። ፕሮግራመር በሙያው ለረጅም ዘመን ሊረካ የሚችለው አዳዲስ መሣሪያዎችን በመከተል ሳይሆን፣ አንድን የሰው ችግር ጠልቆ በማወቅና የሠራው ነገር በተጠቃሚው እጅ ምን እንደሆነ በማየት ነው። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ። ሁለቱም በብዛት የሚገኙት ደግሞ በሙያው ውስጥ ዝቅ ተደርጎ በሚታየው በጥገና ሥራ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ደስታና ዕድሜው

በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ኦኤስ/360 የተባለውን ግዙፍ ሥርዓት ግንባታ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የፕሮግራመርን ደስታ አምስት ምንጮች ይዘረዝራል። አንደኛው አንድን ነገር ከምንም ተነሥቶ የመሥራት ደስታ ነው። ሁለተኛው ለሌሎች ሰዎች የሚጠቅም ነገር የመሥራት ደስታ ነው። ሦስተኛው እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ክፍሎች ተገጣጥመው ሲንቀሳቀሱ የማየት፣ አራተኛው ሁልጊዜ የመማር፣ አምስተኛው ደግሞ እንደ ሐሳብ በቀላሉ በሚቀረጽ ቁስ የመሥራት ደስታ ነው። ብሩክስ የሙያውን መከራዎችም አልደበቀም፤ ማሽኑ ፍጹምነትን መጠየቁን፣ ስሕተት ፍለጋ አድካሚ መሆኑን፣ ሥራው ገና ሳያልቅ ያረጀ መስሎ መታየቱን አብሮ ጽፏል።

ይህን ዝርዝር በጥሞና ላየው ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ከአምስቱ ምንጮች አራቱ በፕሮግራመሩና በማሽኑ መካከል የሚፈጸሙ ናቸው፤ ሌላ ሰው አይሹም። ሌላ ሰው የግድ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ብቻ ነው። ጀማሪውን የሚማርኩትም እነዚያ አራቱ ናቸው። የመጀመሪያው ፕሮግራም በትክክል የሠራ ዕለት የሚሰማውን ደስታ ለማግኘት ተጠቃሚ መኖር የለበትም፤ ማሽኑ ብቻ ይበቃል።

ችግሩ እነዚህ ደስታዎች ከልምድ ጋር እየሳሱ መሄዳቸው ነው። ሃያኛውን የመመዝገቢያ ቅጽ መሥራት እንደ መጀመሪያው አያስደስትም። የመማር ደስታ እንኳ፣ ትምህርቱ ስለ መሣሪያዎች ብቻ ሲሆን፣ ውሎ አድሮ ይዳከማል። በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ስም ይዞ የሚመጣውን የሥራ መሣሪያ ሦስት አራት ጊዜ የተማረ ሰው፣ የሚማረው ነገር ቀድሞ ከሚያውቀው ብዙም እንደማይርቅ ይገነዘባል። አዲስነትን የእርካታው ብቸኛ ምንጭ ያደረገ ፕሮግራመር በዚህ ጊዜ ሥራ ይቀይራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እንደገና ይቀይራል። ከወዳጆቼ አራቱ ሙያውን ከመተዋቸው በፊት ያለፉበት መንገድ ይህ ነበር።

የደመወዝ ነገርም በዚሁ ሊታይ ይገባል። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ በፒትስበርግ አካባቢ ይሠሩ የነበሩ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰውን በሥራው የሚያስከፉትና የሚያስደስቱት ነገሮች የተለያዩ ናቸው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። ደመወዝ፣ የመሥሪያ ቤቱ አሠራርና የአለቃ ጠባይ ሲጎድሉ ቅሬታን ይወልዳሉ፤ መሟላታቸው ግን ቅሬታን ከማስወገድ አልፎ እርካታን አይፈጥርም። እርካታ የሚመጣው ከሥራው ከራሱ፣ ከተገኘው ውጤት፣ ከኃላፊነትና ከዕውቅና ነው። የጥናቱ ዘዴ በኋላ ብዙ ትችት ቢቀርብበትም ልዩነቱ ለማሰብ ይረዳል። አነስተኛ ደመወዝ ፕሮግራመርን ከሥራው ሊያስወጣው ይችላል፤ ከፍተኛ ደመወዝ ግን ብቻውን ለዐሥር ዓመት አያቆየውም።

እርካታን የሚመዝን ቀመር

ከዚህ ይልቅ ጉዳዩን ቀረብ አድርጎ የሚያሳየው ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ያቀረቡት የሥራ ባሕርያት ሞዴል ነው። ሞዴሉ አንድ ሥራ በሠራተኛው ውስጥ መነሣሣትን የመፍጠር ዐቅሙን በአምስት ባሕርያት ይመዝናል። እነርሱም ሥራው የሚጠይቀው የክህሎት ብዝኀነት፣ ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታይ ምሉእ ነገር መሆኑ፣ በሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይ ያለው ፋይዳ፣ ሠራተኛው ያለው የመወሰን ነጻነት፣ እንዲሁም ሥራው ራሱ ለሠራተኛው የሚመልስለት ምላሽ ናቸው። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይመዘናል።

ትኩረት የሚሻው የቀመሩ አወቃቀር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ባሕርያት ተደምረው ለሦስት ይካፈላሉ፤ የተገኘው አማካይ ግን በነጻነትና በምላሽ ይባዛል። ይህ ማለት ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌላው ሊያካክሰው ይችላል፤ ነጻነት ወይም ምላሽ ከጎደለ ግን የሚያካክስ የለም። ክህሎትን የሚፈትን፣ ምሉእና ፋይዳ ያለው ሥራ አማካዩ 6፣ ነጻነቱም 6 ሆኖ፣ ምላሹ 1 ቢሆን ውጤቱ 36 ነው። በሁሉም ረገድ መካከለኛ የሆነና 4፣ 4፣ 4 የሚሰጠው ሥራ ግን 64 ያገኛል። ድንቅ ሆኖ ዝም ከሚል ሥራ ይልቅ ተራ ሆኖ የሚመልስ ሥራ ይሻላል ማለት ነው።

ዳንኤል ኩገርና ሮበርት ዛዋኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ መመዘኛ በአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ላይ ተጠቅመውበታል። ባለሙያዎቹ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸሩ የማደግና የመማር ፍላጎታቸው ከፍ ያለ፣ ከሰው ጋር የመገናኘት ፍላጎታቸው ግን ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግኝት የእኔን ሐሳብ የሚቃወም ሊመስል ይችላል፤ ከሰው ጋር መገናኘትን የማይሻ ባለሙያ ከተጠቃሚ ምላሽ እንዴት እርካታ ያገኛል? መልሱ ምላሽን ከጨዋታና ከስብሰባ በመለየት ላይ ነው። በሞዴሉ ውስጥ ምላሽ የሚባለው የአለቃ ምስጋና ወይም የባልደረባ ወዳጅነት አይደለም። ሥራው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ሥራው ራሱ ሲናገር መስማት ነው። ዝምተኛ ፕሮግራመርም ቢሆን ይህን ለመስማት ይጓጓል።

ላም በሰማይ

ሞዴሉን በራሴ ሁለት ሥራዎች ላይ ልሞክረው። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት እንጂ በመጠይቅ የተለኩ አይደሉም።

የመጀመሪያው አዲስ አበባ ተቀምጬ በውጭ አገር ላለ ድርጅት በርቀት የሠራሁት ሥራ ነው። ክፍያው በጊዜው ከማውቃቸው አቻዎቼ ሁሉ የላቀ፣ መሣሪያዎቹም ዘመናዊ ነበሩ። ሥራው በጥቃቅን ተከፋፍሎ ይደርሰኛል፤ አንዱን ቁራጭ ጨርሼ ስልክ ሌላው ይመጣል። የምጽፈው ኮድ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚታይ አንዳንድ ጊዜ አውቃለሁ፤ ማን እንደሚጠቀምበት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላወቅሁም። ለክህሎት ብዝኀነት 6፣ ለምሉእነት 3፣ ለፋይዳ 3 ብሰጠው አማካዩ 4 ይሆናል። ነጻነቱ 3፣ ምላሹ 2 ቢሆን ውጤቱ 24 ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ይህን ሁኔታ ከቀመሩ በተሻለ ይገልጸዋል። ላሟ መኖሯ እርግጥ ነው፤ ወተቷ ግን ወደ እኔ አልደረሰም።

ሁለተኛው በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ ስድስት ዓመት የቆየሁበት ሥራ ነው። እዚያ የተቀጠርኩት አዲስ ነገር ለመገንባት አልነበረም። ከእኔ በፊት በሌሎች ሰዎች የተሠራ፣ ሠሪዎቹም ተበትነው የሄዱበት የሒሳብ ፕሮግራም ነበረ፤ እርሱን እያስታመምሁ እንዳቆይ ነበር የተፈለገው። ጓደኞቼ ያዘኑልኝ ይህን ሥራ የያዝኩ ጊዜ ነበር። ለብዝኀነት 4፣ ለምሉእነት 6፣ ለፋይዳ 5 ብሰጠው አማካዩ 5 ነው። ነጻነቱ 5፣ ምላሹ 6 ቢሆን ውጤቱ 150 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረው ምን እንደሆነ ለማሳየት ከሥራው ሁለት ነገሮችን እጠቅሳለሁ።

ጳጉሜን እና ፀሐይ

በተቋሙ አንድ ቅርንጫፍ ለብዙ ዓመታት የሠሩ እናት የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ከኮምፒዩተራቸው ጎን ሁልጊዜ አንድ ወፍራም ደብተር ይቀመጣል። በየቀኑ ወደ ማሽኑ ያስገቡትን ሒሳብ በደብተሩም ይጽፉታል፤ ከዚያ ሁለቱን ያስተያያሉ። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ማሽኑ ጳጉሜን አያውቅም፤ እኔ ነኝ የማውቅለት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የእኛ ዘመን አቆጣጠር 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ወይም 6 ቀን ያላት አንዲት ጳጉሜን አሉት። ፕሮግራሙ የተሠራበት መሣሪያ የሚያውቀው ግን የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ቀኑን የሚለውጡት በቋሚ ሠንጠረዥ ነበር። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስትሆን ሠንጠረዡ ይዛነፋል። ለምሳሌ 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀንም እንደ ወትሮው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በሴፕቴምበር 12 ዋለ። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ድረስ ዘልቆ በማግሥቱ ይስተካከላል። ስድስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ የብድር መክፈያ ቀኖች በአንድ ቀን ይስታሉ ማለት ነው፤ በቀኑ የከፈለ ተበዳሪም ዘግይተሃል ተብሎ ቅጣት ሊታሰብበት ይችላል።

ቀኑን በትክክል የሚለውጥ ስሌት መጻፍ ከባድ አይደለም፤ ጥቂት መስመሮች ይበቁታል። ከባዱ ከስሌቱ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ነው። ደመወዝተኛው ለጳጉሜን የተለየ ደመወዝ አይከፈለውም። ታዲያ ከደመወዙ የሚቆጥብ አባል በጳጉሜን ቀናት ወለድ ይታሰብለታል? ተበዳሪውስ ይታሰብበታል? ነሐሴ 30 ቀን መክፈል የነበረበት ሰው ጳጉሜን 3 ቀን ቢከፍል በወሩ ከፈለ ይባላል ወይስ ዘገየ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የነበራቸው ሠራተኛዋ ነበሩ፤ መልሱም ለዓመታት ከአባላት ጋር በመተሳሰብ የተደነገገ ልማድ እንጂ በመመሪያ ላይ የሰፈረ አልነበረም። የእኔ ሥራ ያንን ልማድ መጠየቅ፣ ማስጸደቅና ለማሽኑ ማስተማር ሆነ።

ሁለተኛው ነገር የስም ፍለጋ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ውስጥ ከገባ ወዲህ አማርኛን በኮምፒዩተር መጻፍና ማስቀመጥ መሠረታዊ ችግር መሆኑ ቀርቷል። ነገር ግን ማሽኑ ፊደሉን ማወቁ ድምፁን ማወቁ አይደለም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በጸ ወይም በፀ፣ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል ስሙ በ12 ዓይነት ሊመዘገብ ይችላል። ለማሽኑ እነዚህ 12 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የቁጠባ ደብተራቸው የጠፋባቸው አንዲት አባል ወደ መስኮቱ መጥተው ስማቸውን ሲናገሩ፣ ገንዘብ ከፋዩ የሚሰማው ድምፁን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ሒሳባቸው «አልተገኘም» የሚል መልስ ሲመጣ የሴትየዋን ፊት ያየ ሰው፣ የፊደላትን ድምፅ አቻችሎ የሚፈልግ ዘዴ ለመሥራት ሌላ ማበረታቻ አይፈልግም። ይህን ፊት ያየሁት በቅርንጫፉ ስለተቀመጥኩ ነው፤ በጽሑፍ ከሚላክ የሥራ ትእዛዝ ውስጥ አይገኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቅርንጫፉ ስሄድ ደብተሩ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ሠራተኛዋ ስለ እርሱ ምንም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሙያዬ ካገኘኋቸው ምላሾች ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር።

የፕሮግራሙ ዕውቀት የሚኖርበት

ለዚህ ልምድ ከሁሉ የተሻለ ማብራሪያ ያገኘሁት በዴንማርካዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ በፒተር ናውር ጽሑፍ ውስጥ ነው። ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መጣጥፍ የፕሮግራመር ዋና ውጤት ኮዱ እንዳልሆነ ይከራከራል። ዋናው ውጤት በፕሮግራመሩ አእምሮ ውስጥ የሚገነባው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም በዓለም ያለው ጉዳይ በፕሮግራሙ ውስጥ እንዴት እንደተወከለ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንዲህ እንደሆነ፣ አዲስ ፍላጎት ሲመጣ የት እንደሚገባ ማወቅ ነው። ይህ ዕውቀት በሰነድ ሙሉ በሙሉ አይተላለፍም። ባለ ዕውቀቶቹ ሲበተኑ ኮዱ ቢቀርም ፕሮግራሙ እንደ ሞተ ይቆጠራል።

ናውር የጻፈው ስለ እርካታ አልነበረም፤ ነገር ግን ሐሳቡ ለእርካታ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ፕሮግራመር የሚያመርተው ኮድ ብቻ ቢሆን፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዘል የሚያጣው ነገር የለም። የሚያመርተው ዕውቀት ከሆነ ግን በዘለለ ቁጥር ያካበተውን ትቶ ይሄዳል። ስለ መሣሪያ ያለው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል፤ ያ ግን ቶሎ የሚያረጀው ነው። ስለ ጳጉሜን ወለድ፣ ስለ ስም አጻጻፍ፣ ስለ ተበዳሪዎች የክፍያ ልማድ ያለው ዕውቀት አያረጅም፤ በየዓመቱ ይደረጃል። በሙያው ውስጥ የሚሳሳውን የመማር ደስታ የሚተካው ይህ ሁለተኛው ትምህርት ነው። ኩገርና ዛዋኪ ያገኙት ከፍተኛ የማደግ ፍላጎት በአዳዲስ መሣሪያዎች ብቻ ሊጠግብ ይገባል ያለ የለም።

ጥገና ለምን ተናቀ?

ይህ ሁሉ ከሆነ ጥገና ዝቅ ያለ ሥራ ሆኖ ለምን ይታያል? አንዱ ምክንያት ስሙ ራሱ ነው። ጥገና ሲባል የተሰበረን ነገር ወደ ነበረበት መመለስ ይመስላል። ቤኔት ሊንትዝና በርተን ስዋንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ሰፊ የዳሰሳ ጥናት ግን ለጥገና ከሚውለው ጥረት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስሕተት ማረሚያ ሳይሆን ፕሮግራሙን በተጠቃሚዎች ፍላጎት ማሻሻያ ሆኖ ተገኝቷል። ሜይር ሌማን በዚያው ዓመት ባቀረበው የሶፍትዌር ዝግመተ ለውጥ ሕግም፣ በሰዎች ሥራ ውስጥ የገባ ፕሮግራም ያለማቋረጥ ካልተለወጠ ጠቀሜታው እየቀነሰ ይሄዳል ይላል። ፕሮግራሙ ሳይበላሽ ዓለም በዙሪያው ይለወጣል። ስለዚህ ጥገና የምንለው አብዛኛው ሥራ በትክክለኛ ስሙ ግንባታው የሚቀጥልበት ነው።

ሌላው ምክንያት የአሠራር ልማዳችን ነው። ፕሮጀክት የሚመረቀው ሲጠናቀቅ ነው፤ ሽልማቱም የምስክር ወረቀቱም በዚያ ዕለት ይታደላል። ከዚያ በኋላ ለዐሥር ዓመት ያቆመው ሰው የሚታወሰው ሥርዓቱ የቆመ ዕለት ብቻ ነው። ይህ ከባለሙያው ዕውቅናን ይነፍገዋል፤ ኸርዝበርግ እርካታን ይወልዳሉ ካላቸው ነገሮች አንዱ ዕውቅና መሆኑን ያስታውሷል።

በተቃራኒው የቆመ ምሳሌ ዶናልድ ክኑዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ መሥራት የጀመረውን ቴክ የተባለ የመጽሐፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ለዐሥርት ዓመታት አልተወውም። በፕሮግራሙ ላይ ስሕተት ላገኘ ሰው ከ2.56 ዶላር ተነሥቶ በየዓመቱ በእጥፍ እያደገ እስከ 327.68 ዶላር የደረሰ ሽልማት ሲከፍል ኖሯል፤ ያገኛቸውን ስሕተቶች መዝግቦም እ.ኤ.አ. በ1989 በጥናት መልክ አሳትሟል። የእርማቱ ቁጥር በየጊዜው አንድ አኀዝ እየጨመረ ወደ ፓይ ይጠጋል። እዚህ ላይ ጥገና የሥራው ቅሪት ሳይሆን የሥራው ክብር ሆኗል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተገቢ ጥያቄዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የኑሮ ጥያቄ ነው። የቤት ኪራይ ከደመወዝ በላይ በሆነበት ከተማ ስለ እርካታ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ኸርዝበርግን የጠቀስኩት ለዚህ ነው፤ ቅሬታን የሚወልደው ጉድለት ሳይሞላ እርካታን መጠበቅ አይቻልም። በዝቅተኛ ደመወዝ የታሰረን ባለሙያ ስለ ሙያ ፍቅር መስበክ አግባብ አይደለም። እኔ የምለው ጉድለቱ ከተሞላ በኋላ ስለሚቀረው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው መቆየት መፍዘዝን አያስከትልም ወይ የሚለው ነው። ሊያስከትል ይችላል። የመወሰን ነጻነት በሌለበት፣ ለውጥ ሁሉ በሚከለከልበት ቦታ ስድስት ዓመት መቆየት ዕውቀትን ሳይሆን ምሬትን ያካብታል። በቀመሩ ውስጥ ነጻነት የሚባዛው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለመቆየት ወይም ለመሄድ የሚያስብ ፕሮግራመር ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «እዚህ ስንት ዓመት ሆነኝ?» ብሎ ሳይሆን «ባለፈው ዓመት ስለ ጉዳዩ ያልነበረኝን ምን ዕውቀት አገኘሁ? ያወቅሁትን ተከትዬ ምን መለወጥ ቻልኩ?» ብሎ ነው። ለሁለቱም መልስ ከሌለው መሄዱ ትክክል ነው።

ሦስተኛው ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ጉዳይ ነው። እርካታውን በኮድ መጻፍ ላይ ብቻ ያቆመ ባለሙያ ሊሰጋ ይገባዋል፤ ያ ክፍል ከእጁ እየወጣ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን የከፈለ ተበዳሪ ዘግይቷል ወይስ አልዘገየም የሚለውን ግን መሣሪያው አይወስንም፤ ሊወሰን የሚገባው ጥያቄ መኖሩንም ካልነገሩት አያውቅም። የናውር ክርክር ከአርባ ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ይበልጥ የሚሠራ ይመስለኛል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች፣ በተለይ ለሚያስተምሩና ለሚያማክሩ፣ ሦስት ተግባራዊ ሐሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ተማሪዎቻችን በአራትና በአምስት ዓመት ቆይታቸው የሚጽፉት ኮድ ሁሉ አዲስ ነው፤ ውጤት ከተሰጠው በኋላም ይጣላል። ከእነርሱ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የሠሩትን ፕሮግራም ተቀብለው፣ አንብበውና አሻሽለው ለተከታዮቻቸው የሚያስረክቡበት አንድ ኮርስ ቢኖር፣ የሙያውን ትልቁን ክፍል ሳይቀጠሩ ያውቁታል። ሁለተኛ፣ በሥራ ላይ ያለን ሥርዓት ለመረዳትና ለማሻሻል የተደረገ ጥረት እንደ አዲስ ግንባታ ሁሉ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ተገቢ ርእስ ሆኖ ሊቆጠር ይገባል። ሦስተኛ፣ በአገራችን ያሉ ፕሮግራመሮች በየሥራቸው ምን ያህል ምላሽና ነጻነት እንዳላቸው በሃክማንና ኦልድሃም መመዘኛ ተጠንቶ ቢቀርብ፣ የእኔን ግምት የሚያጸና ወይም የሚሽር ማስረጃ ይገኝ ነበር።

እስከዚያው ግን ለወጣት ባለሙያዎች የምሰጠው ምክር ቀላል ነው። በወር አንድ ቀን ከጠረጴዛችሁ ተነሥታችሁ ሥራችሁን ከሚጠቀም ሰው አጠገብ ተቀመጡ። አታስረዱት፣ አታርሙት፤ ዝም ብላችሁ እዩ። ከኮምፒዩተሩ ጎን ደብተር ካለ ገና ብዙ የምትሠሩት አለ፤ ያ ደብተርም ከማንኛውም የሥራ ትእዛዝ የበለጠ ያስተምራችኋል።